የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ የጫካ ጀብዱ ኮሚክስና ስማቸው የተዋጠባቸው ሠዓሊዎች

የዚህ ወር ዓምዳችን ከ1930ዎቹ መጨረሻ እስከ 1950ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካ የታተሙትን የጫካ ጀብዱ ኮሚክሶች ይመለከታል። ተቀራራቢ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርገናል። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ዋናውን እትም መግዛት አቅሜ አይፈቅድም። በኢንተርኔት በነፃ የሚወርዱት ሕጋዊ ናቸው? ከየትኛውስ ልጀምር?

አብዛኞቹ ሕጋዊ ናቸው። በአሜሪካ ሕግ እስከ 1963 መጨረሻ የታተመ ሥራ የመጀመሪያው የቅጂ መብት ዘመኑ 28 ዓመት ነበር። ባለመብቱ በ28ኛው ዓመት ካላሳደሰው መብቱ ያበቃል፤ ሥራውም የሕዝብ ይሆናል። የጫካ ኮሚክስ ዋና አሳታሚ የነበረው ፊክሽን ሃውስ በ1950ዎቹ አጋማሽ ከገበያ ወጣ። የ1940 እትሞች የሚታደሱበት 1968 ሲደርስ ጉዳዩን የሚከታተል አልነበረም። በዚህ የተነሳ ከመጽሔቶቹ፣ ከጃምቦ ኮሚክስ፣ ከጃንግል ኮሚክስና ከፋይት ኮሚክስ፣ ብዙው ዛሬ በነፃ ይነበባል። ታርዛንና ፋንተም የተባሉት የጫካ ጀግኖች ግን መብታቸውን በንቃት የሚጠብቁ ባለቤቶች ስላሏቸው ከዚህ ጋር አይደባለቁ።

ዲጂታል ኮሚክ ሙዚየምና ኮሚክ ቡክ ፕላስ የተባሉት ሁለት ድረ ገጾች የመብት ይዞታን አጣርተው ነው የሚለጥፉት። ፋይሎቹ ሲ.ቢ.ዜድ ወይም ሲ.ቢ.አር በሚል ቅጥያ ይመጣሉ። የመጀመሪያው ተራ የዚፕ ፋይል ነው፤ የኮሚክስ ማንበቢያ ፕሮግራም ከሌለዎት ቅጥያውን ወደ ዚፕ ቀይረው ይክፈቱት፤ ገጾቹን በተራ በተራ እንደ ፎቶ ያገኟቸዋል። ሁለተኛው ራር ስለሆነ የራር መክፈቻ ይፈልጋል።

ንባቡን ከጃምቦ ኮሚክስ ቁጥር 1 አይጀምሩ። የጫካ ንግሥት የምትባለው ገጸ ባሕርይ ሺና በአሜሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣችው በእሱ ነው፣ በመስከረም 1938። ታሪካዊ ዋጋው ትልቅ ነው፤ ነገር ግን የመጀመሪያዎቹ ስምንት እትሞች በባለ ቀለም ወረቀት ላይ በጥቁር ብቻ የታተሙ ናቸው፤ ሥዕሉም ገና ልምምድ ላይ ነው። ከ1945 እስከ 1948 ባሉት ይጀምሩ፤ ሥዕሎቹን የሚያዘጋጁት ስቱዲዮዎች እጅ የበሰለው ያኔ ነው። ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሰው በየካቲት 1940 የወጣውን ጃንግል ኮሚክስ ቁጥር 2 ይክፈቱ፤ ሠዓሊው ፍሌቸር ሃንክስ የፈጠራትን ፋንቶማ ያገኛሉ። ስትቆጣ ፊቷ ወደ ራስ ቅል ይለወጣል፤ ሥዕሉም በማንኛውም ትምህርት ቤት ያልተማረ ሰው እጅ ሥራ ይመስላል። ሃንክስ ይህን ባርክሌይ ፍላግ በሚል ስም ነበር የሚፈርመው፤ የኮሚክስ ሥራው ከ1939 እስከ 1941 ብቻ የቆየ ሲሆን ሰፊ አንባቢ ያገኘው ግን በ2007 ሥራዎቹ ተሰብስበው ሲታተሙ ነው። በመጨረሻ የ1952ቱን ተንዳ ቁጥር 1 ያንብቡ፤ ፍራንክ ፍራዜታ ከዳር እስከ ዳር ብቻውን የሣለው ብቸኛው የኮሚክስ መጽሔት ነው።

አንድ ምክር እንጨምር፤ በአንድ ቀን ከአንድ ወይም ከሁለት ታሪክ በላይ አያንብቡ። ሴራዎቹ እጅግ ይመሳሰላሉ፤ ተከታትለው ካነበቧቸው ዓይን ይደክምና ሥዕሉን ማየት ይተዋል።

ጥያቄ፦ የሺና ታሪኮች ላይ ሁሉ "ደብልዩ ሞርጋን ቶማስ" የሚል ስም አለ። ስለዚህ ሰው አንድም የሕይወት ታሪክ ላገኝ አልቻልኩም። ማን ነበር?

እንዲህ የሚባል ሰው አልነበረም። የቤት ስም ነው። በዊል አይስነርና በጄሪ አይገር ስቱዲዮ፣ በኋላም በአይገር ብቻ በሚመራው፣ አንድ ታሪክ በብዙ እጅ ያልፍ ነበር። አንዱ በእርሳስ ይነድፋል፣ ሌላው በቀለም ይደግመዋል፣ ሦስተኛው ጫካውንና ጎጆውን ይሞላል፣ አራተኛው ጽሑፉን ይጽፋል። ሠዓሊው ቢለቅ ስሙ አብሮት እንዳይሄድ የቤት ስም ለሥራው ይለጠፋል። ለአሳታሚው ምቹ ነበር፤ ለሠዓሊዎቹ ግን ስማቸው በሰባና በሰማንያ ዓመት ውስጥ ከሥራቸው ተለይቶ እንዲጠፋ ያደረገ አሠራር ነው። ይህን መመለስ ይቻላል፤ ሥራውም ለማንም አንባቢ ክፍት ነው።

በጣም ግልጹ ምሳሌ ማት ቤከር ነው። በ1921 የተወለደው ይህ ጥቁር አሜሪካዊ ሠዓሊ በእርግጠኝነት የሚታወቀው የመጀመሪያ የኮሚክስ ሥራው በኅዳር 1944 በወጣው ጃምቦ ኮሚክስ ቁጥር 69 ላይ ያለው የሺና ታሪክ ነው፤ እሱ የሣለው ሴቶቹን ሲሆን የቀረው በአብዛኛው የሮበርት ዌብ ነው። ያንን እትም ከፍተው ሺናን አጠገቧ ካለው ወንድ ጋር ያነጻጽሩ። በአንድ ፓነል (በገጹ ላይ ባለ አንድ የሥዕል ሣጥን) ውስጥ የሁለት ሠዓሊ እጅ ይታያል፦ የሴቷ ክብደት በአንድ እግሯ ላይ አርፎ ወገቧ ዘንበል ይላል፣ ጣቶቿ ተለያይተው ይነበባሉ፤ የወንዱ አካል ደግሞ በወፍራም መስመር የተከበበና ደረቅ ያለ ነው። ቤከር ከዚያ ወዲህ በፋይት ኮሚክስ ታይገር ገርልን ሣለ፤ በ1959 በልብ ሕመም ሲሞት ገና 37 ዓመቱ ነበር። በኮሚክስ በሚሰጠው የአይስነር ሽልማት የክብር መዝገብ የሰፈረው በ2009 ነው።

የሠዓሊን እጅ ለመለየት እንዲህ ይሥሩ። መጀመሪያ የተፈረመ ሥራ ይፈልጉ፤ ለቤከር ሴንት ጆን የተባለው አሳታሚ ያወጣቸው የፍቅር ኮሚክሶች ሽፋኖች ጥሩ መነሻ ናቸው። ከዚያ ጆሮ፣ እጅ፣ የጨርቅ እጥፋትና የፀጉር አወራረድ ብቻ ቆርጠው በአንድ ገጽ ላይ ያስቀምጡ። ፊት አይጠቅምም፤ አዘጋጆቹ ገጸ ባሕርይዋ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት እንድትሆን ያስተካክሉት ነበርና። ጫካውም አያገለግልም፤ የረዳቱ ሥራ ሊሆን ይችላል። ያልተፈረመውን ታሪክ ቢያንስ በአምስት ፓነሎች ያነጻጽሩ፤ አንድ ፓነል ከሌላ ሠዓሊ የተቀዳ ሊሆን ይችላል፤ መቅዳት በስቱዲዮዎቹ ውስጥ የዘወትር ነገር ነበር። በመጨረሻ ግምትዎን ግራንድ ኮሚክስ ዳታቤዝ በተባለው የኢንተርኔት የኮሚክስ መዝገብ ከሰፈረው ጋር ያመሳክሩ። እዚያ ከስሙ ቀጥሎ የጥያቄ ምልክት ካለ ግምት ነው ማለት ነው፤ ብዙ ሰው ምልክቱን ጥሎ ስሙን ብቻ ስለሚገለብጥ ግምቱ እንደ እውነት ተዛምቷል።

ጥያቄ፦ ልጆቼ ሥዕሎቹን ወደዷቸው። እኔ ግን አፍሪካውያን የተሣሉበት መንገድ አሳፈረኝ። ልከልክላቸው?

ያሳፈረዎት ነገር በእርግጥም አለ፤ ጥቃቅን ጉድለት ብለን የምናልፈው አይደለም። የእነዚህ ታሪኮች መሠረት አንድ ነጭ ሰው፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ በጫካው ላይና በነዋሪዎቹ ላይ መንገሡ ነው። አፍሪካውያኑ ስም የላቸውም፣ ይሸሻሉ፣ ይሰግዳሉ፣ ወይም ክፉ ጠንቋይ ይሆናሉ። ሠዓሊዎቹ ይሠሩ የነበሩት ኒው ዮርክ ውስጥ ከፎቶ፣ ከፊልምና እርስ በርሳቸው ከሚቀዱት ሥዕል ነው። የሕንድ ቤተ መቅደስ፣ የደቡብ አሜሪካ እባብና የኮንጎ ጎጆ በአንድ ፓነል ውስጥ ሲያዩ አይደነቁ። ታርዛን ራሱ በ1912 በመጽሔት ሲወጣ አፍሪካ ውስጥ የእስያን ባለ መስመር ነብር ይገድል ነበር፤ በ1914 መጽሐፍ ሲሆን ነው ወደ ሴት አንበሳ የተቀየረው።

ለትንንሽ ልጆች ብቻቸውን እንዲያነቡት አንሰጥም። ከአሥር ዓመት በላይ ለሆኑት አብረው ያንብቡ፤ ስም ያለው ማነው፣ የሚናገረውስ ማነው ብለው ይጠይቋቸው። ይህ ጥያቄ ከረጅም ምክር በተሻለ ዓይናቸውን ይከፍታል።

ከዚያው ዘመን የተለየ መንገድ የያዙ ሁለት ሥራዎችንም ያሳዩአቸው። ኦሪን ኢቫንስ የተባለ የፊላደልፊያ ጥቁር ጋዜጠኛ በሰኔ 1947 ኦል ኒግሮ ኮሚክስ የተባለ መጽሔት አወጣ፤ ጸሐፊዎቹና ሠዓሊዎቹ ሁሉ ጥቁሮች ነበሩ፤ ዋጋው 15 ሳንቲም ነበር፣ የሌሎቹ 10 በነበረበት ጊዜ። በውስጡ ያለው ላየን ማን በተባበሩት መንግሥታት ተልኮ በጎልድ ኮስት (በዛሬዋ ጋና) የዩራኒየም ክምችት የሚጠብቅ የተማረ ጥቁር ሳይንቲስት ነው፤ የሣለውም የኢቫንስ ወንድም ጆርጅ ነው። ሁለተኛው ቁጥር አልወጣም፤ ወረቀት የሚሸጥለት ጠፋ። ሌላው በመስከረም 1954 በጃንግል ቴልስ ቁጥር 1 የጀመረውና ኦግደን ዊትኒ የሣለው ዋኩ ነው። እዚያ መሪው አፍሪካዊ ልዑል ነው፤ ዙሪያው ያለውም ሕዝብ የራሱ። በአለባበሱና በአካባቢው ሥዕል ላይ ያው ስህተት ቢኖርም ታሪኩ የሚዞረው በእሱ ውሳኔ ነው፤ ልጆቹ ልዩነቱን ወዲያው ያዩታል።

ጥያቄ፦ የ1947 ጃንግል ኮሚክስ አንድ እትም አለኝ። ገጾቹ ቡናማ ሆነው ጠርዛቸው ይረግፋል። እንዴት ላቆየው?

ወረቀቱ ርካሽ የጋዜጣ ወረቀት ነው። ከተፈጨ እንጨት ስለተሠራ ሊግኒን የተባለው ንጥረ ነገር አልወጣለትም፤ ይህ ከአየርና ከብርሃን ጋር ሲገናኝ ይጠቁራል፤ በወረቀቱ ውስጥ ያለው አሲድም ቃጫዎቹን ይቆራርጣል። የሞተውን ጥንካሬ የሚመልስ ነገር የለም። አሲድ ማርከሻ ተብለው የሚሸጡ ርጭቶች ቀሪውን ሊያዘገዩ ይችላሉ፤ ነገር ግን በእጅ ሲረጩ ቀለሙን ሊያደበዝዙና ገጹን ሊያጨማድዱ ስለሚችሉ ለባለሙያ ይተዉት። በእጅዎ ያለው ማዘግየት ነው።

የፕላስቲክ ከረጢቱ ፖሊስተር ይሁን፣ ማይላር እየተባለ የሚጠራው፣ ውፍረቱ ከ0.05 እስከ 0.1 ሚሊሜትር። ፖሊፕሮፒሊን ርካሽ ነው፤ ይሠራል፤ ነገር ግን በየአምስት እስከ ሰባት ዓመቱ መቀየር አለበት። ፒ.ቪ.ሲ ፈጽሞ አይጠቀሙ፤ የሚለቀው ጋዝ ወረቀቱን ይበላል። ከጀርባው የሚገባው ካርቶን ከአሲድ ነፃ የሆነ፣ ካልሲየም ካርቦኔት የተቀላቀለበት ይሁን። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይታለላል፦ አንዳንዱ ካርቶን የሚያብረቀርቅ አንድ ገጽ ብቻ ነው የታከመው፤ ውስጡ ተራ ነው። የታከመው ፊት ወደ መጽሔቱ መዞር አለበት።

ሣጥን ውስጥ ቀጥ አድርገው ያቁሙት፤ ሣጥኑ ካልሞላ በባዶ ካርቶን ይደግፉት፤ ካዘነበለ ጀርባው ይጠመዘዛል፤ ከዚያ በኋላ አይቃናም። ሙቀቱ ከ18 እስከ 21 ዲግሪ፣ የአየሩ እርጥበት ከ35 እስከ 50 በመቶ ቢሆን ጥሩ ነው። ከቁጥሮቹ በላይ ግን የሚጎዳው መዋዠቅ ነው፤ ቀን ሙቀት ሌሊት ብርድ ከሚፈራረቅበት ክፍል ይልቅ በመጠኑ ሞቅ ብሎ የማይለወጥ ክፍል ይሻላል። ከወለል ከፍ ያድርጉት፣ ከውጭ ግድግዳም ያርቁት።

የተቀደደ ገጽ ላይ ማጣበቂያ ቴፕ አይለጥፉ። ሙጫው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ ወረቀቱ ሰርጎ ዘይታማ ቡናማ መስመር ያወጣል፤ ይህን ማስለቀቅ ከቅዱ የከፋ ጉዳት ያመጣል። ዝገት የያዘውን የማሰሪያ ሽቦም አይንቀሉ፤ ክፍሉ ደረቅ ከሆነ ዝገቱ ይቆማል፤ ሲነቀል ግን የበሰበሰው ወረቀት አብሮ ይመጣል። ላሚኔት ማድረግ ደግሞ ፈጽሞ የሚታሰብ አይደለም።

ጥያቄ፦ ስገዛ ዋናው እትም መሆኑንና ገጹ አለመጉደሉን እንዴት ላረጋግጥ?

የመጀመሪያውን የውስጥ ገጽ ግርጌ ይመልከቱ፤ በትንንሽ ፊደል ርዕሱ፣ ቁጥሩ፣ ወሩ፣ ዓመቱና አሳታሚው ሰፍሯል። ወርና ዓመት ከሌለ ይጠርጥሩ። ከ1958 እስከ 1964 አይ.ደብልዩ እና ሱፐር በሚሉ ስሞች የወጡት የእስራኤል ዋልድማን ድጋሚ ህትመቶች የፊክሽን ሃውስን ታሪኮች በአዲስ ሽፋን ይዘው ነበር፤ ቀን አይጻፍባቸውም። ዋጋው ብቻውን አያስረዳም፤ አይ.ደብልዩም እንደ ዋናው 10 ሳንቲም ነበርና። የገጽ ብዛት ይረዳል፦ በ1940 አካባቢ የታተመ እትም ሽፋኑን ጨምሮ 68 ገጽ ነው፤ በጦርነቱ የወረቀት እጥረት ወደ 60፣ ከዚያም ወደ 52 ወረደ፤ በ1950ዎቹ 36 ሆነ።

ጉድለት የሚበዛው መሐል ላይ ነው። መካከለኛው ሉህ ከሽቦው በቀላሉ ይላቀቃል፤ ሲወድቅ አራት ገጽ አብሮ ይሄዳል። ባለ 64 የውስጥ ገጽ እትም 16 ሉሆች አሉት፤ መሐሉ ከጠፋ 30ኛው ገጽ ከ35ኛው ጋር ፊት ለፊት ይገናኛል። ብዙ ጊዜ ገጾቹ ለየታሪኩ ተለይተው ስለሚቆጠሩ እያንዳንዱን ታሪክ እስከ መጨረሻው ይቁጠሩ። የማስታወቂያ ገጾችንም አይዝለሉ፤ ልጆች ኩፖን ቆርጠው ይልኩ ስለነበር የማስታወቂያው ጀርባ ላይ ያለው ፓነል ተቆርጦ ይገኛል። ሽፋኑ ላይ ያሉት የሽቦ ቀዳዳዎች ከውስጡ ጋር ካልገጠሙ ሽፋኑ ከሌላ ቅጂ የመጣ ነው።

ጥያቄ፦ የሺናን ሥዕል በቲሸርት ላይ አትሜ ልሸጥ?

አይመከርም። የቅጂ መብቱ ያበቃ ሥዕልና የገጸ ባሕርይዋ ስም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ስሟ በንግድ ምልክትነት ይጠበቃል፤ የታርዛንም እንዲሁ። የድሮ ገጽ ማንበብ፣ ማጋራትና ለትምህርት ማሳየት አንድ ነው፤ ስሟን በሸቀጥ ላይ ማውጣት ሌላ ነው።

ጥያቄ፦ ገጾቹን ስካን ሳደርግ የጀርባው ሥዕል ያሳልፋል፣ ቀለሙ ላይ ደግሞ እንደ መረብ ያለ ነገር ይታያል።

ያሳለፈው ብርሃን ነው። የስካነሩ ክዳን ነጭ ስለሆነ ብርሃኑን መልሶ ይልከዋል፤ ከገጹ ጀርባ ደብዛዛ ጥቁር ወረቀት ያስገቡ፤ ምስሉ ትንሽ ይጨልማል፣ ያንን በኋላ ያስተካክሉታል።

መረቡ የሚመጣው ከነጥቦቹ ነው። የዚያ ዘመን ቀለም ሰማያዊ፣ ቀይና ቢጫ እያንዳንዳቸው በ25፣ በ50 እና በ100 በመቶ የሚታተሙበት ነበር፤ ባዶውን ጨምሮ ለእያንዳንዱ አራት ደረጃ፣ በድምሩ 64 ቅልቅል። ፈዛዛዎቹ በነጥብ ይሞላሉ። ስካነሩ በዝቅተኛ ጥራት ሲያነብ የራሱ ፍርግርግ ከነጥቦቹ ጋር ይጋጫል። በኢንች 600 ነጥብ ያንብቡ፣ ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ፒክስል ያህል ያደብዝዙ፣ ከዚያ መጠኑን በግማሽ ይቀንሱ፣ መጨረሻ ላይ የምስሉን ጠርዝ በጥቂቱ ያሹሉት። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ መረቡ ይቀራል። አንድ ገጽ ሳይጨመቅ 80 ሜጋባይት ያህል ስለሚሆን ቦታ ያዘጋጁ፤ ያልተነካውን በቲፍ ይያዙ፣ ለማንበቢያ ጄፔግ ያውጡ።

ወረቀቱን ወደ ንጹሕ ነጭ አይግፉት። የብሩሹ ቀጭን ጫፍና 25 በመቶው ቢጫ መጀመሪያ የሚጠፉት ያኔ ነው፤ ለፊክሽን ሃውስ ይሠራ የነበረውን የጆን ሴላርዶን ወይም የቤከርን መስመር በጣም የሚያጎድል ስህተት ነው። መጽሔቱንም በኃይል ከፍተው መስተዋቱ ላይ አይጫኑት፤ ጀርባው ይሰነጠቃል።

ጥያቄ፦ በእነዚህ ስቱዲዮዎች ሴት ሠዓሊዎች ነበሩ?

ነበሩ፤ ፊክሽን ሃውስ ከሌሎች አሳታሚዎች ይበልጥ ያሠራቸው ነበር፤ በጦርነቱ ወንዶቹ መዝመታቸውም አንዱ ምክንያት ነው። ማርሻ ስናይደር በጃንግል ኮሚክስ የምትወጣውን ካሚላን ሣለች። ፍራን ሆፐር ጄን ማርቲንና ሚስታ የተባሉትን ገጸ ባሕርያት ሠርታለች። ሩት ሮሽ ጽሑፉን በመጻፍና ሥራውን በማዘጋጀት የአይገር ሸሪክ እስከ መሆን ደረሰች። ሊሊ ረኔ በ1921 ቪየና ተወልዳ ከናዚዎች ሸሽታ በእንግሊዝ በኩል ኒው ዮርክ ገባች፤ ሰኞሪታ ሪዮና ሎስት ወርልድ የተባሉትን ታሪኮች ሣለች። በአሕጽሮት ስለምትፈርም አንባቢዎች ወንድ እየመሰለቻቸው ይጽፉላት ነበር። በ2022፣ በ101 ዓመቷ አረፈች። ገጾቿን ለማወቅ የፓነሎቹን ቅርጽ ተመልከቱ፤ ክብና ያዘነበሉ ፓነሎችን ትወዳለች፤ ጥላዋም ከባድ ነው።

ጥያቄ፦ የሥዕል ተማሪ ነኝ። የእነሱን የብሩሽ መስመር እንዴት ልለማመድ? ከታርዛን ሠዓሊዎች ከፎስተርና ከሆጋርትስ ማንን ልከተል?

በትልቁ ሣዪ። ዋናዎቹ ገጾች ከታተሙት ሁለት እጥፍ ገደማ ነበሩ፤ የሥዕሉ ስፋት 32 በ46 ሴንቲሜትር ያህል ነው። ለስላሳ ብሪስቶል ወረቀት፣ ውኃ የማያለቅቀው ጥቁር ቀለምና ቁጥር 3 የሆነ ክብ፣ ሴብል ከተባለ የእንስሳ ፀጉር የተሠራ ብሩሽ ያዢ፤ ሰው ሠራሽ ፀጉር ጫፉን ቶሎ ያጣል። ቀለሙን እስከ ፀጉሩ ግማሽ ብቻ ንከሪ፤ ሥሩ ላይ ከደረሰ ይደርቅና ብሩሹ ይከፈታል። መስመሩን ከጣት ሳይሆን ከክንድ አውጪው፦ በቀጭን ጀምሪ፣ ጡንቻው ሲያብጥ ተጫኚ፣ ሲያልቅ አንሺ። ከጨለማ ወደ ብርሃን የሚወጡትን የላባ መስመሮች ሁልጊዜ ከጥላው በኩል ጀምሪ። በመካከላቸው ቢያንስ አንድ ሚሊሜትር ተዪ፤ በግማሽ ሲቀነስ ግማሽ ሚሊሜትር ይሆናል፤ ከዚያ ካነሰ ህትመቱ ይዘጋዋል።

ፎስተርን አስቀድሚ። በጋዜጦች ይወጣ የነበረውን የታርዛንን የእሑድ ገጽ ከ1931 እስከ 1937 ሲሠራ ቆይቶ ለሆጋርት አስረከበ። ፎስተር ሰውን በቦታ ውስጥ ያቆማል፦ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ፣ እግሩ ምን ላይ እንደቆመ ታያለሽ። ሆጋርት ጡንቻንና እንቅስቃሴን ከፍ አድርጎ ያሳያል፤ ቅርንጫፉ ሳይቀር ይወጠራል። በእሱ የጀመረ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ማጋነኑን እንጂ ከሥሩ ያለውን አጥንት አይቀዳም። የፎስተርን አንድ ፓነል በእርሳስ ሦስት ጊዜ ገልብጪ፤ አራተኛውን ሳታዪ ሣዪ፤ ከዚያ ወደ ብሩሹ ተሻገሪ።